ክዳኑ ላይ የቀረችው ቁራጭ

ከደመወዝ ክፍሉ ሰዎች በቀር እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ የለም። ለሌሎቻችን ቶሎ ናት፤ ለታናናሾቹ ደግሞ እትዬ ቶሎ። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ከጎኗ ተቀምጬ በቀን ስንት ጊዜ «ቶሎ በል»፣ «ቶሎ በይ» እንደምትል ለመቁጠር የሞከርኩም እኔ ብቻ ነኝ። አንድ ቀን ስልሳ አንድ ላይ ስደርስ ገና ምሳ ሰዓት አልሆነም ነበር፤ ተስፋ ቆርጬ ተውኩት።

እግዜር ሲቀልድ፣ መጠበቅ የማይሆንላትን ሴት ፈልጎ ከመጠበቅ በቀር ሌላ የሌለበትን ሥራ ሰጣት። የሆስፒታሉ ላቦራቶሪ ጠባብ ነው። በመስኮቱ በኩል ያለው ጠረጴዛ የኔ ነበር፤ እዚያ ባክቴሪያ እናበቅላለን። ባክቴሪያ ለሰው ያዝናል፤ ዛሬ ከዘራኸው ነገ ጠዋት ሳህኑ ላይ ታየዋለህ። ከኔ ቀጥሎ፣ በሩ አጠገብ ያለው የሷ ነበር። እዚያ የሚበቅለው ፈንገስ ነው፣ እርሾና ሻጋታ። አንዳንዱ በሁለት ቀን ብቅ ይላል፣ አንዳንዱ ሳምንት ያስጠብቃል፣ አንዳንዱ ወር ሙሉ ያስለምንሃል። እሷ ደግሞ በየሰዓቱ የማሞቂያውን ሳጥን ከፍታ ታያለች። «በሩን በከፈትሽ ቁጥር ይበርደዋል፣ እንዲያውም ታዘገዪዋለሽ» ስላት፣ «አንተ የራስህን ጠብቅ» ትለኛለች። ወንበሯ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አዲስ ነው። ሳህን የምታነበው ቆማ፣ ስልክ የምታናግረው እየተንጎራደደች፣ ሻይ የምትጠጣው ደረጃ ላይ ነው።

አባቷ ጫማ ሰፊ ነበሩ። እናቷ የሞቱት ታናሽ ወንድሟን በወለዱ በሳምንታቸው ነው፤ እሷ ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ሕፃኑን አዝላ ትውላለች፤ ካለቀሰ እየዘለለች ታባብለዋለች። አለመቀመጥን የተማረችው ያኔ ነው ባይ ነኝ፤ እሷ ግን «ከእናቴ ሆድ ይዤው ነው የመጣሁት» ትላለች። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ሆስፒታሉ ብልቃጥና ሳህን አጣቢ አድርጎ ቀጠራት። የምታጥበው ሳህን ላይ ያለው አረንጓዴና ጥቁር ነገር ምን እንደሆነ የሚነግራት ስታጣ፣ የማታ ትምህርት ተመዝግባ ራሷ ደረሰችበት። ዲፕሎማዋን ይዛ ስትመጣ የፈንገሱን ጠረጴዛ የሚፈልገው ሰው አልነበረም። «ለኔ ስጡኝ» አለች፤ ሰጧት፣ ተገላገሉ። ባሏ ሰዓት ሠሪ ነው፣ ዝምተኛ ሰው። «የሰውን ሁሉ ሰዓት አስተካክያለሁ፤ የቤቴን ማዘግየት ግን አቃተኝ» ይላል።

ፈንገስ ለጤነኛ ሰው ምንም አይደለም። አየሩ ላይ አለ፣ ግድግዳው ላይ አለ፣ የከረመ ዳቦ ላይ አለ፤ ስንተነፍሰው ውለን እናድራለን። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ የተባለው ለሱ ነው። ከኛ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያሉት ሰዎች ግን አጥራቸው የወደቀ ነው። ጽኑ ሕሙማን ክፍል ይባላል። ማሽን የሚተነፍስላቸው፣ አንገታቸውና ክንዳቸው ላይ ቱቦ የገባባቸው ሰዎች ናቸው። ፈንገስ እንዲህ ያለ ቤት ካገኘ ገብቶ ይቀመጣል፤ ደም ውስጥ፣ ሳምባ ውስጥ፣ ከዐይን ጀርባ። ምልክቱ ትኩሳት ነው፤ ትኩሳት ደግሞ የስንቱ በሽታ ምልክት ነው። ሐኪሞቹ አንዱን የባክቴሪያ መድኃኒት ይሰጣሉ፣ ሁለተኛውን ይጨምራሉ፣ ሦስተኛውን ይሞክራሉ፤ ትኩሳቱ ንቅንቅ አይልም። ሰው የሚያልፈው በዚህ መሐል ነው።

አንዴ አንድ ወጣት ሐኪም ከላይ ደወለ። የታማሚው አክታ ላይ እርሾ ተገኝቷልና ከባዱን መድኃኒት ልጀምር ነው አላት። ቶሎ ስልኩን በትከሻዋ ይዛ እየተንጎራደደች፣ «ልጄ፣ አፍህን ክፈትና ልየው፣ አንተም ጋ አገኘዋለሁ» አለችው። «አክታ ላይ የተገኘ እርሾ በር ላይ የተቀመጠ ጎረቤት ነው፤ ሌባ አይደለም። ደም ውስጥ ካገኘሁት ግን እኔው ራሴ ሮጬ እመጣለሁ።» ልጁ ተናዶ ስልኩን ዘጋው። ከሦስት ቀን በኋላ የሌላ ታማሚ ደም ላይ ሲገኝ፣ እውነትም ሦስቱን ፎቅ ሮጣ ወጥታ ሐኪሙን ከስብሰባ ላይ ጠራችው። ሥራዋ ይኸው ነው፤ በር ላይ የሚያድረውን በር ከሚሰብረው መለየት። ባይገኝም ደግሞ አታምነውም። «ደም ላይ ጠፋ ማለት የለም ማለት አይደለም፤ ግማሹን ጊዜ ይደበቃል» ትላለች።

ከልቤ የምጠላው አንድ ልማድ ነበራት። የናሙና ዕቃ አትጥልም። ሥጋውም ፈሳሹም ተወስዶ ካለቀ በኋላ፣ ባዶውን ብልቃጥ ከነክዳኑ በሯ አጠገብ ያለ መደርደሪያ ላይ ትደረድረዋለች። «ትራፊ» ነው የምትለው። ታማሚው በእግሩ ወይም በሌላ መንገድ ከሆስፒታሉ እስኪወጣ ድረስ ትራፊው ከዚያ አይነሳም። ደንቡ በማግስቱ ይጣል ነው የሚለው። እኔ ንጹሕ ሰው ነኝ፤ በብልቃጦቹ ምክንያት ስንት ጊዜ ተኳርፈናል። አለቃችን ዘንድ ሳይቀር ከስሻታለሁ። አለቃችን መደርደሪያውን አይቶ፣ እሷን አይቶ፣ «ቦታ እስካልጠበበ ድረስ» ብሎ ሄደ።

እኔም የምኮራበት አለኝ። ሥጋ መፍጨት። ቀዶ ሐኪም የሥጋ ቁራጭ ሲልክልህ በትንሿ ሙቀጫ አልመህ መፍጨት አለብህ፤ ባክቴሪያ ሥጋው ውስጥ ተሰግስጎ ስለሚቀመጥ በደንብ ካልፈጨኸው አይወጣም። በዚህ ቤት ከኔ የተሻለ የሚፈጭ የለም። ተለማማጆች ሲመጡ ለማሳያ የሚጠሩት እኔን ነው። ቶሎም ታየኛለች፣ ምንም ብላኝ አታውቅም።

አሁን ወደ ነገሩ ልምጣ፤ እየዞርኩ ያለሁት ስለምፈራው ነው።

ያ አዝላ ያሳደገችው ወንድሟ ሃያ ሁለት ጎማ ነጂ ሆነ። ሳቂታ፣ ግዙፍ ሰው። ስኳር ነበረበት፤ መርፌውን ግን ሲመቸው ነው የሚወጋው። «ስኳሬን አሳፍሬ ነው የምሄደው፣ እስካሁን አላስቸገረኝም» እያለ ያበግናታል። አንድ ሰኞ ጠዋት መኪናውን መንገድ ዳር አቁሞ መሪው ላይ ተደፍቶ አገኙት። ስኳሩ ጣራ ነክቶ ራሱን አያውቅም። አምጥተው ሦስተኛ ፎቅ አስተኙት። በሳምንቱ ስኳሩ ወረደ፤ እሱ ግን አልነቃም። ትኩሳቱም አልለቀቀውም፤ የግራ ጉንጩ ከዐይኑ ሥር አበጠ።

የክፍሉ ሐኪም ዝግ ብላ የምትናገር ቀጭን ሴት ናት። ቶሎን ኮሪደር ላይ አቁማ ሁሉንም ነገረቻት። «ሻጋታ እጠረጥራለሁ። የተለመደውን ዓይነት የሚገድል መድኃኒት ጀምሬለታለሁ። ሌላኛው ዓይነት ከሆነ ግን ያ መድኃኒት አይነካውም። ለሱ የሚሆነው ኩላሊት ላይ ይበረታል፣ የወንድምሽ ኩላሊት ደግሞ ከወዲሁ እየደከመ ነው። በጥርጣሬ ብቻ ብሰጠው በእጄ ልገድለው እችላለሁ። ማስረጃ አምጡልኝ» አለቻት። ማክሰኞ ጠዋት ቀዶ ሐኪሙ ከአፍንጫው ውስጥ የጥፍር ስባሪ የምታክል ሥጋ ቆርጦ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ብልቃጥ ውስጥ አድርጎ ላከልን።

ላቦራቶሪያችን አንድ የማይደፈር ደንብ አለው። የዘመድህን ናሙና አትነካም፣ አታነብም፣ ውጤቱ ላይ አትፈርምም። ደንቡን ያጸናችው ራሷ ቶሎ ናት። ከዓመታት በፊት አንድ ባልደረባችን የልጁን ሳህን አንብቦ ምንም የለም አለ፤ ነበረ፤ እንዳይኖር ስለፈለገ አላየውም። ከዚያ ወዲህ ቶሎ «የወደደ ዐይን አያነብም» ብላ ከአለቃችን ጋር ተሟግታ በጽሑፍ አስወጣችው። እናም ብልቃጡ ሲመጣ ሳትነካው፣ ተላላኪው ጠረጴዛዬ ላይ እንዲያስቀምጠው ጠቆመችው።

«ጎረቤቴ፣ ያንተ ነው» አለችኝ።

«ሂጂ፣ ከሱ ጋር ሁኚ። እኔ አለሁ» አልኳት።

እኔ አለሁ። ይህቺን ቃል ከዚያ ወዲህ ለማንም ብያት አላውቅም።

ከወትሮው በላይ ተጠነቀቅኩ። እጄን ሁለት ጊዜ ታጠብኩ፣ አዲስ ጓንት አጠለቅኩ፣ ሥጋውን ከጨርቁ አላቅቄ ሙቀጫው ውስጥ ከተትኩና ፈጨሁት። ለወንድሟ ነው ብዬ እንዲያውም አብዝቼ ፈጨሁት፤ እስኪልም። ግማሹን የኔ ሳህኖች ላይ፣ ግማሹን የሷ ሳህኖች ላይ ዘራሁ። ከላመው ላይ ጥቂት ቀብቼ በማይክሮስኮፕ አየሁ። በተሰባበረው ሥጋ መሐል ብጥስጣሽ፣ ብርሃን የሚያሳልፉ ክሮች ነበሩ፤ ከተጠቀለለበት ጨርቅ የመጡ ናቸው ብዬ አለፍኳቸው። ብልቃጡን ወደ ቆሻሻው ልወረውር ክንዴን ካነሳሁ በኋላ የሷ ፊት መጣብኝ። ተመልሳ መደርደሪያዋ ባዶ ሆኖ ብታገኘው አንድ ወር ታኮርፈኛለች። ክዳኑን ገጥሜ እያጉረመረምኩ ከትራፊዎቿ ጋር አስቀመጥኩት።

እነዚያን ሁለት ቀናት ቶሎ ወደ ላቦራቶሪው አልገባችም። በር ላይ ትመጣለች፣ ትቆማለች፣ ሳትጠይቅ ትመለሳለች። ደረጃውን ስትወጣና ስትወርድ የጫማዋን ድምፅ እሰማለሁ። ባሏ ሦስተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ አግዳሚ ወንበር ይዞላት ይውላል፤ አንድም ጊዜ አልተቀመጠችበትም። እኔም ተቀምጬ መሥራት አቃተኝ። የማሞቂያውን ሳጥን በየሰዓቱ መክፈት የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው።

ሐሙስ ሰባት ሰዓት ላይ ሳህኖቹ ንጹሕ ነበሩ። የሐኪሟ ጥርጣሬ ልክ ከሆነ ያ ሻጋታ በሁለት ቀን ሳህኑን ሞልቶ ክዳን የሚያነሳ ዓይነት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቶሎ ለተለማማጆች ስታስተምር ሰምቻለሁ። ደስ አለኝ። «ምንም አልበቀለም» ብዬ ወደ ላይ ደወልኩ። ሐኪሟም «እንግዲያው በያዝነው እንቀጥላለን» አለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ የላቦራቶሪ ቃል ደግሞ ከአፋፍም አልፎ የሰው ደም ሥር ውስጥ ይገባል።

አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ቶሎ በሩ ላይ ቆመች። ፀጉሯ አልተበጠረም፣ የጋወኗ ቁልፍ ተዛንፏል።

«ጎረቤቴ» አለች፣ ቶሎ ቶሎ እየተነፈሰች፣ «ሥጋውን ቆራረጥከው አይደል? አልፈጨኸውም አይደል?»

አጠያየቋ አስደነገጠኝ። ፊቷን አየሁት፤ የትኛው መልስ እንደሚፈለግ ፊቷ ላይ ተጽፏል። ለምን እንደሆነ ገና አልገባኝም፤ ጥፋት እንደሠራሁ ግን ወዲያው ገባኝ። «ቆራረጥኩት» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ተቀምጧል። ማን አየኝ? ሙቀጫውን አጥቤዋለሁ። በዚህ ሥራ ላይ ሠላሳ ዓመት ልሞላ ጥቂት የቀረኝ ሰው ነኝ፣ ተለማማጆች የሚጠሩኝ፣ በዚህ ቤት ከኔ የተሻለ የሚፈጭ የለም የምል። የታጠበውን ሙቀጫ አየሁት።

«ፈጨሁት» አልኳት።

አልጮኸችም። የበሩን መቃን ያዘች። «እሱ ሻጋታ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ውስጡ ግድግዳ የለውም። አንድ ረጅም ቱቦ ነው። አንድ ቦታ ከቆረጥከው ያለው ሁሉ ፈስሶ ይሞታል። የተፈጨ ደግሞ የትም ቢዘራ አይበቅልም። በምላጭ ተለቅ ተለቅ ተደርጎ ተቆርጦ፣ መሐሉ ሳይነካ፣ ሳህኑ ላይ ጫን ተደርጎ ነው የሚተከለው።»

እንግዲህ ንጹሕ ሳህን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ገድዬ ዘርቼ፣ አልበቀለም ብዬ ደወልኩ። የጨርቅ ክር ያልኩትም ምን እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ሌላ ይቁረጡለት» አልኩ።

«ቀዶ ሐኪሙ ሌላ ሰው ላይ ገብቷል፤ እስከ ማታ አይወጣም። ደሙም አልረጋ ብሏል። ትራፊው የት አለ?»

ወደ መደርደሪያው ጠቆምኩ። ያን ጊዜ ነው ፊቷ ላይ ደም የተመለሰው። አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገባችና ቆመች። ደንቡን አስታወሰች። ተመልሳ ያንን አዲስ ወንበሯን ጎትታ ደፉ ላይ አደረገችው፣ ተቀመጠችበት፣ ሁለት እጆቿን ከጭኖቿ ሥር ከተተች። በሃያ ዓመት ተቀምጣ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው።

«አንሳው» አለች። «ክዳኑን ክፈት። ወደ ብርሃኑ ያዘው። ቀስ።»

ቀስ የሚለውን ቃል ከአፏ ሰምቼ አላውቅም። ብልቃጡ ውስጥ ባዶ ነው። ክዳኑን ገለበጥኩት። ጠርዙ ውስጥ፣ ጥምዝምዙ ጥርስ መሐል፣ የሰናፍጭ ፍሬ የማታክል ግራጫ ነገር ተለጥፋለች።

«አለች» አልኩ።

«በምላጭ ጫፍ አንሳት። እንዳትጫናት። መስታወቱ ላይ አስቀምጣት። አንድ ጠብታ ፖታሽ። መሸፈኛውን በሰያፍ አውርደው። ክንድህን ጠረጴዛው ላይ አስደግፈው። አዎ። አሁን ጠብቅ።»

ፖታሹ ሥጋውን እስኪያሟሟ ሃያ ደቂቃ ይፈልጋል። ሃያ ደቂቃ አንተያይም። እግሯ ከወንበሩ ሥር እንደ ስፌት መኪና መርገጫ ይመታል፤ እጆቿ ግን ከተቀመጠችበት ሥር አልወጡም። አንዴ «ስንት ሆነ?» አለች። «ስድስት ደቂቃ» አልኳት። ደግሞ «አሁንስ?» አለች። «ሰባት።» የሰዓት ሠሪውን ሕይወት ያን ጊዜ ተረዳሁት።

ከዚያ አየሁ። መጀመሪያ ምንም የለም። ሥጋው ሟሙቶ ደመና ብቻ ሆኗል። መስታወቱን በፀጉር ስፋት ወደ ጎን ስገፋው ደመናው መሐል ተጋድመው አገኘኋቸው።

«ንገረኝ» አለች። «ስሙን አትንገረኝ፤ የምታየውን ብቻ ንገረኝ።»

«ሰፋፊ ናቸው። የራሰ ጥብጣብ ይመስላሉ፣ እየተጣጠፉ።»

«ክፍልፋይ አላቸው?»

ዳር እስከ ዳር ተከተልኩት። «የላቸውም። ባዶ ቱቦ ነው።»

«ቅርንጫፉስ?»

«ቀጥ ብሎ ነው የወጣው፤ እንደ መስቀለኛ መንገድ።»

ቀና ስል ዐይኖቿን ጨፍናለች። ምን እንደምትፈልግ እኔም አላውቅም ነበር፤ ይኼ ሻጋታ ወንድሟ ፊት ውስጥ እንዲኖርም እንዳይኖርም የምትመኝበት ሰዓት ነው። «በል ደውል» አለችኝ። «እኔ መደወል አልችልም። ምን ቆመህ ታየኛለህ? ቶሎ በል እንጂ።»

ደወልኩ። ቅድም ያልኩት ስህተት ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሌላኛው ዓይነት ሻጋታ ነው አልኩ። ሐኪሟ «በዐይንህ አይተኸዋል?» አለችኝ። «አይቼዋለሁ» አልኩ። «ጽፈህ ፈርመህ ላከው፤ መድኃኒቱን አሁን እቀይራለሁ» አለች። ወረቀቱ ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ከታች በኔ ስም የወጣ ውጤት ነው።

ቀዶ ሐኪሙን ከገባበት እንደወጣ ወዲያው መልሰው አስገቡት። ሻጋታው የበላውን ሥጋ ሁሉ ሲጠርጉ የወንድሟን የግራ ዐይን ማዳን አልቻሉም። በማግስቱ ጠዋት ቶሎ መጥታ ጋወኗን ለበሰች። «ዐይኑን ወሰዱት» አለችኝ። ሁለቱ ቀን ባይጠፋ ዐይኑ ይተርፍ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ሐኪሟን ጠይቄያት ነበር፤ ማንም አያውቅም ብላኛለች። ቶሎ ግን ሳህኖቿን ማንበብ ጀመረች፣ ቆማ። ከሰዓት በኋላ ዘወር ሳትል፣ «ሃያ ዓመት ስትፈጭ እያየሁህ፣ ለሻጋታ እንደማይፈጭ አንድ ቀን አልነገርኩህም» አለች። የዚያን ዕለት ሙቀጫው ላይ በትልቁ ጽፋ ለጠፈችበት፤ «ለሻጋታ ከሆነ ይቆረጣል።» ወረቀቱ አሁንም አለ።

ወንድሟ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነቃ። ኩላሊቱ ተንገዳገደ፣ ግን አልወደቀም። መንዳቱን ትቶ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ከፈተ፤ መርፌውን አሁን በሰዓቱ ነው የሚወጋው፣ የእህቱ ባል ደወል ያለው ሰዓት ሠርቶለታል። ቶሎ ባለፈው ዓመት ጡረታ ወጣች። ጠረጴዛዋን ለኔ ተዉልኝ፤ የባክቴሪያውን ለወጣቶቹ ሰጠሁ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ስልክ ትደውላለች። «ምን በቀለ?» ትለኛለች እንጂ ሰላምታ እንኳ የላትም።

ወንድሟ በየስድስት ወሩ ለምርመራ ይመጣል። በመጣ ቁጥር በላቦራቶሪው በር ብቅ ብሎ ትልቅ እጁን ይዘረጋልኛል። «ጋሼ፣ ባንተ ወረቀት ነው በሕይወት ያለሁት» ይላል፤ ስሜን ወረቀቱ ላይ አይቶታል። ተለማማጆቹ ይሰማሉ፣ በአድናቆት ያዩኛል። ሁለት ጊዜ ልነግረው ጀምሬ ስለ ስኳሩ ጠይቄው ሸኘሁት። እጁን በጨበጥኩት ቁጥር ያን ሌሊት አልተኛም።

ባለፈው ሳምንት ሲመጣ በሩን ዘጋሁ። «ተቀመጥ» አልኩት፣ ያን የእህቱን ወንበር ሰጠሁት። «ያንን ሥጋ መጀመሪያ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ሁለት ቀን አጥፍቼብሃለሁ። ዐይንህ ምናልባት በኔ ነው የሄደው» አልኩት። በአንድ ትንፋሽ ነው የተናገርኩት።

በቀረችው ዐይኑ ትንሽ አየኝ።

«አውቃለሁ» አለኝ። «እህቴ የነቃሁ ቀን ነው የነገረችኝ።»

«ታዲያ ሦስት ዓመት ሙሉ ምን ታመሰግነኛለህ?»

«ስትጠይቅህ ቸኩላ ጥያቄውን ከነመልሱ ነው የሰጠችህ፤ ራሷ ናት ያለችኝ። 'ቆራረጥኩት ቢለኝ ኖሮ አምኜው ወደ ላይ እመለስ ነበር፤ ትራፊውን የሚያይ አይኖርም ነበር' አለች። ያን ዕለት በአጠያየቋ ልታስዋሽህ እንደነበር ላንተ አትንገርህ እንጂ እስከ ዛሬ አልረሳችውም።» ከወንበሩ ተነሳ፣ እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ። «ሥጋዬን ስለፈጨህ አይደለም የማመሰግንህ፣ ጋሼ። ፈጨሁት ስላልክ ነው።»

እሱ ከሄደ በኋላ መቀመጥ አልቻልኩም። ጠረጴዛውን ሁለት ጊዜ ዞርኩት፣ ትራፊዎቹን አንድ በአንድ አየሁ። ከዚያ ሄጄ የማሞቂያውን ሳጥን ከፈትኩ፤ ከከፈትኩት ገና ሩብ ሰዓት አልሞላም ነበር።